የአውድማው እንግዶች

ባለፈው ሳምንት በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን አንድ ስልክ በንዝረት ይጠራ ጀመር። ባለቤቱ ሻይ የሚቀርብበት የብረት ትሪ ላይ አስቀምጦት ወጥቷል፤ ትሪው ዝዝዝ ይላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ዝዝዝ ይላል። እኔ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። እስክሪብቶዬን ጥዬ ተነሣሁና መስኮቱ ጋ ሄጄ የግቢውን ደረቅ ሣር እመለከት ጀመር። የሒሳብ መምህሩ ቀና ብሎ፣ «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። ምንም አልጠፋብኝም። የስልክ ድምፅ መሆኑንም አላጣሁትም። እግሬ ግን ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ ነበር። «ወፍ መስሎኝ ነው» አልኩት። ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው አልነገርኩም። ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራ ተማሪዎቹ ከሰሙት አለቀለት። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ዝም ብዬ ልይዘው አልቻልኩም።

ያደግሁት ከአይከል ወዲያ፣ ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ መተማ ቆላ መንደርደር በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። አባቴ የደብራችን መሪጌታ ነበር፤ ሆኖም በዜማ ብቻ ጎተራ አይሞላምና እንደ ማንኛውም የአገሩ ሰው ጤፍና ዳጉሳ ያርስ ነበር። አውድማችን ከቤታችን ዝቅ ብሎ፣ ከቆላው ሽቅብ የሚነሣው ነፋስ የሚያገኘው ጉብታ ላይ ነው። በየዓመቱ በእበት ይለቀለቃል፤ ሲደርቅ የእበቱና የጭዱ ሽታ ተቀላቅሎ እስከ ደጃፋችን ይመጣል። 

አውድማ በእኛ አገር ዝም ብሎ እህል የሚወቃበት ቦታ አይደለም። ጫማ ወልቆ ይገባበታል። አይፎጨም፣ ሳቅ አይበዛም። ሴት ምግቡን እስከ ጠርዙ ታደርሳለች እንጂ ክቡን አትረግጥም። ከሁሉም በላይ ግን የሰው ስም አይጠራም። አንዱ እህል የሚያዘራበትን መንሽ እንዲያቀብሉት ሲፈልግ «አንተ፣ ወዲህ በል» ይላል እንጂ፣ የገዛ ልጁን እንኳ በስሙ አይጠራም። ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ የጠየቅሁት በሬዎቻችንን እየነዳ የሚያበራይልንን ሽማግሌ ጎረቤታችንን ነበር።

«የሚሰማ አለ፣ ልጄ» አለኝ።

«ማነው የሚሰማው?»

«እሱንማ ማን አይቶት። ስምሽን ከሰማ ይይዘዋል። ከያዘው ወዲያ ያንቺ አይደለም።»

አባቴ ይህን ወሬ ሲሰማ ይቆጣ ነበር። «በክርስቲያን አገር!» ይልና ራሱን ይነቀንቃል። ቢሆንም እርሱም አውድማ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፤ እዚያ ቆሞ የሰው ስም ሲጠራም አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።

በየዓመቱ አውድማው አጠገብ የሚውሉ ወፎች ነበሩ፤ የሚመጡት ኅዳር ሚካኤል ካለፈ በኋላ ነው። ሲመጡ ያየ ሰው የለም። ታጭዶ ቃርሚያ ብቻ የቀረበት፣ ትናንት ባዶ የነበረው የጤፍ ማሳ ጠዋት ስትነሡ ሰው የሞላበት ይመስላችኋል፤ ዐይናችሁ ግን የሚያርፍበት ነገር አያገኝም። ቁመታቸው የቤቱን ድንቢጥ ያህላል። የቤቱ ድንቢጥ ግን ጥቁርም ቡናማም ጣል ጣል ያለበት መልከኛ ነው፤ እነዚህ ምንም የላቸውም። ጀርባቸው፣ ደረታቸው፣ እግራቸው ሁሉ አጨዳ ያለፈበት አፈር ነው። ምንቃራቸው ወፈር ያለ፣ ክንፋቸው ከአካላቸው ረዘም ያለ። መካከላቸው ገብታችሁ እስክትረግጧቸው ድረስ መኖራቸውን አታውቁም። ሲነሡ ብቻ የጅራታቸው ጫፍ ላይ ያለው ነጭ ብልጭ ይላል፤ ሲያርፉ እሱም ይጠፋል።

የወደቀ ፍሬ ነው የሚለቅሙት። ሲለቅሙም መላው መንጋ እየተንከባለለ ነው የሚሄድ፤ ከኋላ የቀሩት ብድግ ብለው የፊቶቹን ያልፉና ያርፋሉ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ እነሱን ያልፋሉ። ቀትር ላይ አንድ ላይ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፤ አመሻሽ ላይ እሾሃማው ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ሁሉ የማንኛውም ወፍ ጠባይ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር የለውም። የሚያስፈራው ድምፃቸው ነበር።

ድምፃቸው የወፍ አይደለም። አፉን የዘጋ ሰው በጉሮሮው የሚያወጣው ዓይነት፣ ደረቅና ቀጥ ያለ እምታ ነው፤ ትሪው ላይ የነበረው ስልክ ያስታወሰኝ ይህን ነው። ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። በስተቀኝ ነው ብላችሁ ስትዞሩ በስተግራ ይሆናል፤ ወደ እሱ ስትራመዱ ዝም ይልና ካለፋችሁ በኋላ ከኋላችሁ ይጀምራል። በሌላ አገር ስም ይኖራቸው ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ውሏቸው አውድማ አጠገብ ስለነበር ማንም ስም አላወጣላቸውም፤ «እንግዶቹ» ብቻ ነበሩ። ሌላውን ወፍ ሁሉ በወንጭፍ እናባርራለን፤ በእነሱ ላይ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ አልነበረም። ምርቱ ሲነሣ ደግሞ ጥራጊው ውስጥ የቀረ አንድ እፍኝ ጠርዙ ላይ ይተውላቸዋል። «የእንግዳ ነው» ይባላል።

ታላቅ ወንድሜን ከዚህ በፊት ማንሣት ነበረብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የእሱ ነው። ጎረቤቶቻችን ሲያነሡት «ሸጋ ልጅ» ከማለት ሌላ ቃል አያወጡለትም ነበር። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ድምፀ መልካም። አባቴ የመሪጌታነት ወንበሩን የሚያወርሰው እሱን ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዜማ አስጠንቶታል፤ ወንድሜም ውኃ ሲቀዳም፣ እንጨት ሲፈልጥም አፉን ዘግቶ ያንጎራጉር ነበር። እናቴ ጓዳ ሆና ያለበትን ቦታ የምታውቀው በዚያ ነው። አንድ ዓመት መስቀል እንዳለፈ ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወረደ። «ለገና እመለሳለሁ» አለ። አባቴ ተቀይሞ አልመረቀውም፤ እናቴ ግን እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ሸኘችው።

ጎረምሶቹ ሲመለሱ እሱ የለም። ወባ ጥሎት ነበር አሉ፤ ድንበሩ አጠገብ አንድ ዛፍ ሥር አስተኝተውት ማኪና ፍለጋ ሄዱ፤ ሲመለሱ ቦታው ባዶ ነው። ሬሳም የለም፣ ልብስም የለም። አባቴ በቅሎ ተውሶ እስከዚያ ወርዶ ነበር። ከሱዳን የሚመጣውን ነጋዴ ሁሉ ጠየቀ። የሰማ ሰው አልተገኘም። እንዲህ ሆኖ ገና አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ክረምቱ ወጣ።

በእኛ አገር የጠፋ ሰው ለዘለዓለም እንደጠፋ አይቀመጥም። ወሬው ከተቆረጠ ሽማግሌዎች ተቀምጠው «ይለቀስለት» ይላሉ። ያለ ሬሳ ይለቀሳል፤ ተዝካር ይወጣለታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ከሙታን ጋር ነው የሚነሣ። አባቴ በመጨረሻ እሺ አለ። እናቴ ግን፣ «በዐይኔ ሳላይ ልጄን አልቀብርም» አለች፤ ከዚያም የሚያባብሏትን ሰዎች ትታ ጓዳ ገባች። ለቅሶው ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። እህሉ እስኪገባ ነው። የዚያ ዓመት ጤፍ የሚወቃው ለወንድሜ ተዝካር ነበር፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም በአፉ አላወጣውም።

እኔ አይከል አሥረኛ ክፍል እማር ነበር፤ ለቅዳሜና እሑድ መጥቻለሁ። የተወቃውን በነፋስ ሊያዘሩ ሰዎቹ መንሻቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ነፋሱ ግን የለም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች፤ አውድማው ላይ የቀረው ብርሃን በጭዱ አቧራ ቢጫ ሆኗል። እናቴና እኔ አገልግሉን ተሸክመን ጠርዙ ላይ ደረስን። ያኔ እምታው ተነሣ። እንደ ወትሮው ከሩቅ አልነበረም። ከእግራችን ሥር፣ ከቃርሚያው ሁሉ አንድ ላይ ነበር የመጣው።

እናቴ አገልግሉን መሬት አስቀመጠች።

«ትሰሚያለሽ?»

«እንግዶቹ ናቸው፣ እማ።»

«አይደሉም» አለች፤ ፊቷ ላይ ከዓመት በፊት የማውቀው ፈገግታ መጣ። «ይኸ የሱ ጉሮሮ ነው።»

ክንዷን ለመያዝ እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩባትም። ከነኮንጎ ጫማዋ አውድማው መካከል ገባች። ቆመችና ፊቷን ወደ ቆላው አዙራ የወንድሜን ስም በሙሉ ድምፅዋ ጠራች። አንዴ ብቻ።

እምታው በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። ጠርዙ ላይ የታሰሩት በሬዎች ማመንዠካቸውን ተዉ። ወደ ቃርሚያው ስመለከት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም አየኋቸው፤ አንገታቸውን አስግገው ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ሁሉም ፊታቸው ወደ እናቴ ነው። ያን ያህል ወፍ እግሬ ሥር እንደነበረ አላውቅም ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ እንጃ። ከዚያ ሁሉም ብድግ አሉ፤ ነጩ ብልጭ አለና ወደ ቆላው ወረዱ። የክንፍ ድምፅ ግን አልሰማሁም። ምናልባት ጆሮዬ ውስጥ ደሜ እየጮኸ ይሆናል፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ እላለሁ።

የመጀመሪያውን ቃል የተናገረው ሽማግሌው ጎረቤታችን ነው። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፣ ሐዘን እንጂ።

«ሰጠሽው፣ እቴ። በገዛ አፍሽ ሰጠሽው።»

አባቴ አማተበ። «ከንቱ ነገር አትናገር!» አለው። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ወደ ቤት ተመለሰች። በማግሥቱ ለአባቴ፣ «እንግዲህ ይለቀስለት» አለችው። ዓመት ሙሉ የተከራከረችው ሴት ብቅል ማብቀል ጀመረች። ልጇን ወባ እንዳልገደለው፣ የገደለችው እሷ እንደሆነች ነበር የምታስበው።

ጥምቀት አለፈ። ለቅሶው ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ ደጅ ሰሌን ዘርግቼ ለተዝካሩ ጠላ የሚሆነውን ብቅል አሰጣ ነበር። በጣም ጸጥ ያለ ቀን ነበር፤ ሰው ሁሉ ከፀሐዩ ሸሽቶ ቤቱ ገብቷል። ከቁልቁለቱ በኩል መሬቱ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። እንግዶቹ ናቸው፤ እየተንከባለሉ ሽቅብ ይመጣሉ፣ የኋላዎቹ የፊቶቹን እያለፉ። ከኋላቸው አንድ ሰው ዱላ ተደግፎ ይራመዳል። እሱ አንድ እርምጃ ሲራመድ እነሱም አንድ እርምጃ ይቀድሙታል። ሰውየው ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ አፈር ለብሷል። ፊቱ የማን እንደሆነ አልለየሁም፤ አካሄዱን ግን ዐወቅሁት።

ጮኽኩ። ሰፈሩ ተነቃነቀ፤ ሴቶቹ እልል እያሉ ወጡ። አባቴ ሻሹ ከራሱ ወድቆ ሮጠና አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ መሪጌታ አባቴ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ ግን ከመቃኑ አልተነቃነቀችም። እሱን አይደለም የምታየው፤ እንግዶቹን ነው። ብቅሉ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ዐርፈዋል፤ አንዲት ፍሬ አልነኩም።

«ማነህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከበሩ ገለል ብላ፣ «ቤት ለእንግዳ። ይግቡ» አለችው።

ሁላችንም ሳቅን፤ ደስታው አዙሯት የምትቀልድ መስሎን። እሷ ግን ውኃ አሙቃ፣ ጉልበቷ ላይ ተንበርክካ እግሩን አጠበችው፤ ከሩቅ ደብር ለሚመጣ ካህን እንደምታደርገው። አጎዛ አነጠፈችለት። «አረፍ ይበሉ፣ መንገዱ አድክሞዎታል» አለችው። ወንድሜ ወደ እኔ ተመለከተ። ያን አስተያየት አልረሳውም፤ ቤት የተሳሳተ መስሎት ነበር።

ሰው ተሰብስቦ ሲጠይቀው የሆነውን ተናገረ። ጓደኞቹ ማኪና ፍለጋ ከሄዱ በኋላ ትኩሳቱ ብድግ አድርጎት ያለ መንገድ ሄዷል፤ ማዶ ያሉ ከብት አርቢዎች አግኝተው አስታመሙት፤ ሲሻለው ይሠራላቸዋል፣ ሲነሣበት ይተኛል። ዘንድሮ አጨዳው ሲያልቅ እንደገና ወደቀ። ሞቱን እየጠበቀ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሳለ አፈር የመሰሉ ትንንሽ ወፎች ዙሪያውን ይለቅሙ ነበር። «ጆሮዬ ውስጥ እም ይላሉ፣ እም ይላሉ» አለ። «ከዚያ ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ስሜ ተጠራ። የእማ ድምፅ ነው። ተነሣሁ፤ ተነሥቼ መጣሁ።»

አባቴ «ተመስገን!» ብሎ ተነሣ። ሽማግሌው ጎረቤታችን መሬት መሬት ያያል። እናቴ ጠላ እየቀዳች ነበር፤ ዕቃውን አስቀምጣ ተነሣች። ጓዳ ተከትያት ስገባ በሹክሹክታ፣ «ስጠራ የተነሣ ነገር አለ» አለችኝ። «የተነሣው ማን እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ለቅሶው ቀረ፤ የተዝካሩ ጠላ ለእንኳን ደኅና መጣህ ተጠጣ። ወንድሜም አብሮ ጠጣ። «የራሱን ተዝካር የጠጣ» እያሉ ጎረምሶቹ ለዓመታት ቀልደውበታል። በእኛ ቤት ግን የሚቀልድ አልነበረም። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን አልጠራችም። «እንግዳው ምሳ በሉ?» ትለኛለች። ምርጡን ታበላዋለች፣ ንጹሑን ታለብሰዋለች፣ አንድም ቀን «አንተ» አትለውም፣ አትቆጣውም፣ አታዝዘውም። ልጇ እንዳይደለ ብታውቅ ኖሮ ባስወጣችው ነበር። ልጇ እንደሆነ ብታውቅ ታቅፈው ነበር። ሁለቱንም አላወቀችም።

አባቴ «አጉል እምነት» እያለ ይቆጣትና፣ በማለዳ ደግሞ ወንድሜን ይዞ ጠበል ይወርዳል። «ለወባው ነው» ይለን ነበር። ወባው ከለቀቀው በኋላም ለብዙ ጊዜ ለወባው ወረደ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም እፈራው ነበር። ሳቂታው ወንድሜ ዝምተኛ ሆኖ ነው የመጣ። ዜማ እንዲቀጥል አባቴ ሲለምነው፣ «ድምፄ እዚያ ቀረ» ይላል። ምሳ ወስጄለት አንድ ቀን ቃርሚያው መካከል ቆሞ አገኘሁት። እንግዶቹ እግሩ ሥር ይለቅማሉ። እኔ ስቀርብ ተነሥተው በረሩ፤ እሱ ሲራመድ አልተነሡም ነበር።

«ምነው አንተን አይፈሩህም?»

«ለመዱኛ» አለ፣ እንጀራውን እየቆረሰ። «እዚያም አብረውኝ ነበሩ።»

መጋቢት ሲገባ እንግዶቹ ይሄዳሉ። ሲሄዱም እንደ አመጣጣቸው ነው፤ አንድ ጠዋት ስትነሡ መሬቱ ባዶ ነው። የዚያን ዓመት ጠዋት እናቴ ጸጥታውን ሰምታ ከመኝታዋ ዘላ ተነሣች፤ ሮጣ ወንድሜ የሚተኛበት መደብ ጋ ደረሰች። አለ። ተኝቷል፤ ትንፋሹ ይሰማል። ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠችና እስኪነቃ ድረስ አየችው። አሁን ስሙን ትጠራዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ዐይኑን ሲገልጥ፣ «እንዴት አደሩ?» አለችው። ቢሄድ ቁርጡን ታውቅ ነበር፤ መቅረቱ ግን ምንም አላስረዳትም።

ወንድሜ ሁለት ዓመት ታገሠ። ከዚያ አይከል ወጥቶ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ፤ አገባ፣ ወለደ፣ የራሱን ወፍጮ ተከለ። ሲሄድ መንገድ ድረስ ሸኝቼዋለሁ። «እናት እያለኝ በእናቴ ቤት እንግዳ ሆኜ መኖር አልቻልኩም» አለኝ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ባዮሎጂ የመረጥኩትም በእነሱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። አንድ ዓመት ፈረንጆችን ወፍ የሚያሳይ አስጎብኚ ጎንደር ላይ አግኝቼ መልካቸውን ነገርኩት፤ ወዲያው ዐወቃቸው። ድንቢጥ ናቸው አለኝ፤ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ድንጋያማ ኮረብታዎች ላይ የሚራቡ፣ ዝቅተኛ ቁጥቋጦ ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ፣ ብርዱን ሽሽት ወደ እኛ የሚመጡ ተራ ድንቢጦች። ደስ አለኝ። የእምታውን ነገር ሳነሣበት ግን፣ «ያ የወንዱ ዘፈን ነው፤ ጎጆ በሚሠሩበት አገር ነው የሚያሰማው» አለ። በታኅሣሥ፣ እዚህ፣ መንጋው በሙሉ እንደዚያ ማድረጉን ሰምቶ አያውቅም። «ታዲያ እኛ የሰማነው ምንድነው?» አልኩት። «ሌላ ነገር ይሆናላ» ብሎ መነጽሩን ይወለውል ጀመር። ስለ ወፍ ፍልሰት ሳስተምር እዚህ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ ቶሎ አልፋለሁ።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴን አዘዞ ያለው ኪራይ ቤቴ አመጣኋት። እግሯ ከዳት፣ ቀጥሎ ልቧ ደከመ። ወንድሜ መንገዱ ክፍት በሆነ ቁጥር ከአይከል ይመጣል፤ ማር ይዞ፣ ዱቄት ይዞ። እሷም አልጋዋ ላይ ሆና፣ «ምነው ደከሙ? እግዜር ይስጥልኝ» ትለዋለች። ልጆቹን በስማቸው እየጠራች ትስማቸዋለች፤ አባታቸውን ግን «እንግዳው»። አንድ ቀን ልሸኘው ስወጣ የግቢውን በር ይዞ ቆመ። ትልቅ ሰውዬ፣ ጠጉሩ ሽበት ጣል ያለበት። «ሳትሞት ስሜን ከአፏ አንዴ ብሰማ» አለ። 

አምና ነሐሴ ላይ ባሰባት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውሎ ከሰዓት በኋላ ጋብ አለ። ወንድሜ ካፖርቱን ሳያወልቅ በሩ አጠገብ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጧል። እኔ ትራሷን ሳስተካክል ዐይኗን ገለጠች።

«እንግዶቹ አሁን የት ናቸው?» አለችኝ። የትኞቹን እንደሆነ ገባኝ።

«አገራቸው ናቸው፣ እማ። ከባሕሩ ማዶ። አሁን ጫጩት የሚያሳድጉበት ጊዜ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አንዲት እንኳ የቀረች አትኖርም? የታመመች፣ የደከማት?»

ትኖራለች። እንዲህ ያለችው ወፍ በየአገሩ ትኖራለች፤ ተማሪዎቼን እንደዚያ ነው የማስተምራቸው። «አንዲትም የለችም» አልኳት። «የሚሰማ የለም፣ እማ።»

ጥቂት ጊዜ ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበውን ውኃ አዳመጠች። ከዚያ ፊቷን ወደ በሩ አዞረችና የወንድሜን ስም ጠራች። ስሙን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ የእሷ ነው።

ወንድሜ ሲነሣ ዱካው ተገለበጠ።

«አቤት፣ እማ!»

ዐይኗን አጥብባ አየችው፤ ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ቀስ ብላ።

«ምነው እንዲህ ከሳህ?» አለችው።

ወንድሜ ወፍጮ ቤቱ አወፍሮታል፤ ቦርጩ ካፖርቱን አያስቆልፈውም። አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ እጇን ጉንጩ ላይ አደረገ።

«መንገዱ ነው፣ እማ» አላት። «መንገዱ ረዘመብኝ።»